ለቬሎና ለሀበሻ ቀሚስ ኮርሴት፦ ጥምዝ ብረት፣ ጠፍጣፋ ብረት ወይስ ፕላስቲክ?

ጥያቄ
ከጦሳ ሥር፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ከተማ የሴቶች ልብስ የምሰፋ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ የሰርግ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚመጣልኝ ሥራ ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንደኛው ከውጭ ተሰፍተው የገቡና ለኪራይ የሚውሉ ቬሎዎች ጥገና ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከደረት እስከ ወገብ ኮርሴት ሆኖ ከወገብ በታች በሸማ የሚሰፋው፣ አሁን ብዙ ሙሽራ የሚጠይቀው የሀበሻ ቀሚስ ነው። በሁለቱም ላይ የሚያስቸግረኝ ጨርቁን ከውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዘንግ ነው።

ለኪራይ የዋሉትን ቬሎዎች ስፈታቸው ውስጣቸው የማገኘው ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ቀሚሱ ጥቂት ሙሽሮች ከለበሱት በኋላ ፕላስቲኩ ወገብ ላይ ይታጠፍና እንደታጠፈ ይቀራል፤ ብተኩሰውም እጥፋቱ በሳተኑ ላይ በግልጽ ይታያል። አንዳንዱ ጫፉ ገበሩን በስቶ ወጥቶ ብብት ሥር ይወጋል። በሀበሻ ቀሚሱ ላይ ደግሞ ሸማው ልል ስለሆነ ዘንጉን ተከትሎ ይጎተታል፤ ሙሽራዋም ቀኑን ሙሉ ደረቷን ወደ ላይ ስትስብ ትውላለች።

ጥምዝ የብረት ዘንግ የሚባል፣ ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚታጠፍ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ደሴ ገበያ ላይ ግን አላገኘሁትም። የጃንጥላ ዘንግ ቆርጬ እንድጠቀም የመከሩኝም አሉ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥምዙና ጠፍጣፋው ብረት የት የት ይገባሉ? ጥምዙ ካልተገኘስ ምን ይተካዋል? የእኛ ሙሽራ ቆማ ፎቶ የምትነሣ ብቻ አይደለችም፤ ዝቅ ብላ የወላጅና የሽማግሌ ጉልበት ትስማለች፣ ማታም እስክስታ ትወርዳለች። ብረት ይህን ሁሉ የሚከለክላት ከሆነ ፕላስቲኩን እየቀያየርኩ መኖሩ ይሻለኛል። የምታውቁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1
ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጉልበት መሳሙን ማንሣትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ የብረቱ ምርጫ የሚወሰነው በዚያ እንቅስቃሴ ነውና።

ጥምዙ ብረት የሚሠራው ቀጭን ሽቦ እንደ ሞላ ከተጠማዘዘ በኋላ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ እንዲሆን በማድረግ ነው። ጠፍጣፋው ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ የሞላ ብረት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ነጭ ቀለም ወይም ፕላስቲክ ይለበጣል። የመኪና ባሌስትራ ወደ ላይና ወደ ታች እየተለጠጠ ወደ ጎን ግን እንደማይተጣጠፍ ሁሉ፣ ጠፍጣፋው ብረትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን አይዞርም። ስለዚህ ከጡት ጎን ተነሥቶ ወደ ወገብ የሚጠብብና ወደ ዳሌ የሚሰፋ ስፌት ላይ ጠፍጣፋ ብረት ቢያስገቡ፣ ብረቱ ስፌቱን ይጎትተዋል እንጂ አይከተለውም። ጥምዙ ግን ስፌቱ በዞረበት ይዞራል።

ከዚህ በመነሣት አቀማመጡ ይታወቃል። ከፊት መሐል ላይ፣ ከኋላ በዚፑ አጠገብ፣ ወይም ማሰሪያው የሚተላለፍባቸው የብረት ዓይኖች ካሉ በዓይኖቹ ግራና ቀኝ፣ ስፌቱ ቀጥ ባለበት ሁሉ ጠፍጣፋውን ይጠቀሙ። በጡት ላይ በሚያልፉት፣ በጎንና በጀርባ በሚዞሩት ስፌቶች ላይ ጥምዙን ያድርጉ። ለሚጎነበስ ሰው ደግሞ ከፊት መሐል ያለውንም ጭምር ጥምዝ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ጠፍጣፋ ብረት ፊት ለፊት የገባላት ሙሽራ ስትጎነበስ የላይኛው ጫፍ ከደረቷ ይለያል፣ የታችኛው ደግሞ ሆዷን ይጫናል።

አሁን ከብረቱ ምርጫ በላይ የማምንበትን ልናገር። ብዙ ሰፊዎች ቀሚሱን የሚይዘው ዘንጉ ይመስላቸዋል፤ ዘንግ ግን ጨርቁ ወደ ታች እንዳይሸበሸብ ብቻ ነው የሚያደርገው። ያለ ማንገቻ የሚለበስ ቬሎን ክብደት መሸከም ያለበት ወገብ ነው። ስለዚህ ከውስጥ በወገብ መስመር ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ የማይለጠጥ ጠንካራ ሪባን ያዙሩ። ርዝመቱ ከቀሚሱ ወገብ በጥቂቱ ይጠር፤ በእያንዳንዱ ስፌት ትርፍ ላይ ብቻ ይጠለፍ፤ ከኋላ ከዚፑ ቀድሞ በራሱ መንጠቆ ይቆለፍ። ይህ ሪባን ከገባ በኋላ የቀሚሱ የታችኛው ክፍል ክብደት ከወገብ ላይ ያርፋል፣ ላይኛውም ክፍል ከደረት ላይ አይንሸራተትም። ደረቷን ወደ ላይ የምትስብ ሙሽራ የጎደላት ብዙ ጊዜ ብረት ሳይሆን ይህ ሪባን ነው።

ስለ ሸማው ያነሡትም እንዲሁ ነው። ዘንግን በቀጥታ በሸማ ላይ መስፋት አይገባም። ከውስጥ ሌላ ኮርሴት ይስፉ፤ ሁለት እጥፍ አቡጀዲ ወይም አንድ እጥፍ ጥብቅ ካኪ ይበቃል። ጨርቁ የማይለጠጥበትን አቅጣጫ በወገብ ዙሪያ ያድርጉት፣ ብረቱንም እዚያ ላይ ያስገቡ። ሸማው በላዩ ላይ የሚያርፍ ልብስ ይሁን እንጂ ጭነት አይሸከም። እጅጌ ኖሮት እስከ አንገት የሚሸፍን ቀሚስ ለሚያዙ ሙሽሮች ደግሞ ከክብደቱ ጥቂቱ በትከሻ ላይ ስለሚንጠለጠል የብረቱን ቁጥር መቀነስ ይቻላል፤ በእኛ አገር ይህንኑ የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

መልስ 2
የልብስ ንድፍ አስተማሪ፣ ወልዲያ

የቀደመው መልስ ዋናውን ነገር ይዟል። እኔ ስለ ጃንጥላው ዘንግ ልመልስ፤ ምክሩ በብዙ ሰው ዘንድ ስለሚዘወተርና ጉዳቱ ከወዲሁ ስለማይታይ።

አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ለኮርሴትም ለጃንጥላም የተጠቀሙበት ዘንግ አንድ ነበር፤ ከዓሣ ነባሪ የላይኛው መንጋጋ የሚወጣ፣ እንደ ጥፍርና እንደ ቀንድ ካለ ነገር የተሠራ ተጣጣፊ ዘንግ። ሁለቱ ዕቃዎች የተለያዩት ብረት ሲተካው ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፎክስ በ1852 ያወጣው የጃንጥላ ዘንግ መሐሉ ቦይ እንዲኖረው ሆኖ የታጠፈ ብረት ነበር፤ ቦዩ የተሠራውም ዘንጉ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ሳለ እንዳይታጠፍ ለማድረግ ነው። ዛሬም ብዙው የጃንጥላ ዘንግ በዚሁ መልክ ይሠራል። ስለዚህ ለጃንጥላ ጥሩ የሆነበት ምክንያት ራሱ ለወገብ መጥፎ ያደርገዋል፤ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ይገትራል፣ ከዚያ በኋላ ቦዩ ተጨፍልቆ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበራል። የተሰበረውም ጠርዝ ስለታም ነው።

የኮርሴቱ መንገድ ሌላ ሆነ። በ1883 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ስሪ ኦክስ በምትባል ከተማ፣ ኤድዋርድ ዋረን ከቱርክ ዶሮ ላባ ግንድ የሚሠራ ዘንግ አወጣ፤ ርካሽና ለስላሳ ስለነበር በሰፊው ተሸጠ። ጠፍጣፋው ብረት በበኩሉ ጠንካራ ቢሆንም ወደ ጎን አለመታጠፉና መዛጉ ችግር ሆኖ ቀረ። አሜሪካዊው ማርከስ ሜሪት ቢማን ከተጠማዘዘ ሽቦ የሚሠራ ተጣጣፊ ዘንግ ፈለሰፈ፤ በ1904 በፔንሲልቬንያ ሜድቪል የተቋቋመው ስፓይሬላ ኩባንያም በዚሁ ዘንግ ላይ ተመሥርቶ አደገ። ኩባንያው በእንግሊዝ ሌችወርዝ ከ1912 እስከ 1920 ያስገነባው ትልቅ ፋብሪካ ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ይህን የማነሣው ጠያቂዋ የገጠማቸው ችግር፣ ማለትም የምትጎነበስና የምትዞር ሴት በምትለብሰው ልብስ ውስጥ ቀጥ ያለ ብረት አለመስማማቱ፣ ለጥምዙ ብረት መፈጠር ምክንያት የሆነው ራሱ ችግር መሆኑን ለማሳየት ነው።

ጥምዙ እስኪገኝ ምን ይተካው ለሚለው፣ በሁለት ነገር ላይ አስተያየት አለኝ። የዕቃ ማሸጊያ የብረት ቀበቶ ከመጋዘን ለምነው የሚወስዱ አሉ፤ አብዛኛው የሞላ ባሕርይ ስለሌለው አንዴ ከታጠፈ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ስለዚህ ከፕላስቲኩ አይሻልም። የግንበኛ ብረት ሜትር ደግሞ ሞላነት ቢኖረውም መሐሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሲታጠፍ ድንገት ይዘልላል። ከሁሉ የሚሻለው በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው የሽቦ ማሰሪያ ናይለን ነው፤ ቀጭኑ ሳይሆን 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ወፍራሙ። ራሱን ቆርጠው ጥለው ጫፉን በመቀስ ካከበቡትና በሞረድ ካለሰለሱት፣ በቬሎ ውስጥ ከሚመጣው ቀጭን ፕላስቲክ የበለጠ ይጸናል። ወደ ጎን ግን እንደ ጥምዙ አይዞርም፤ የጋለ ካውያም አይችልም። ለሙከራ ስፌትና ለቀላል ልብስ እመርጠዋለሁ፤ ብዙ ክብደት ለሚሸከም ቬሎ ግን ብረቱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሻላል።

ጠያቂዋ
ከጦሳ ሥር፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ ከቦርከና፣ የወገቡን ሪባን ነገር ማንም እንዲህ አብራርቶ ነግሮኝ አያውቅም፤ አሁን በእጄ ባለው ቬሎ ላይ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ። መርካቶ ለሚመላለስ ዘመዴ ጥምዙን ብረት እንዲያፈላልግልኝ ነግሬዋለሁ። በጥቅል የሚሸጥ ከሆነ ግን መቁረጡ ያሳስበኛል። የተቆረጠው ሽቦ ጫፍ ጨርቅ ይበሳል ብዬ እፈራለሁ፤ የብረቱን ርዝመትና የማስገቢያውን፣ ማለትም ብረቱ የሚገባበትን የተሰፋ የጨርቅ ቦይ፣ ስፋትስ እንዴት ልለካ?

መልስ 3
የብረት ሥራ ባለሙያ፣ ሐይቅ

እኔ ልብስ አልሰፋም፤ ባለቤቴ ግን ትሰፋለች፣ ብረቱን የምቆርጥላትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ መቁረጡ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ።

ጥምዙን ብረት እንደ ወፍራም ሽቦ በአንድ ጊዜ መሐሉን ለመበጠስ አይታገሉት። እንዲህ ካደረጉ ጥምዞቹ ይጨፈለቃሉ፣ ጫፉም ይፈታል። ስለታም የጎን ሽቦ መቁረጫ ይያዙና በምልክቱ ላይ ያለውን ጥምዝ በአንዱ ጠርዝ በኩል ይቁረጡ፤ ከዚያ በሌላው ጠርዝ በኩል ያለውን ይቁረጡ፤ ብረቱ በራሱ ይለያያል። የተቆረጠችው ቁራጭ በኃይል ስለምትፈናጠር የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ልጆችንም ከአጠገብዎ ያርቁ። ጠፍጣፋው በላሜራ መቀስ ይቆረጣል፤ ማዕዘኖቹ ግን ስለታም ሆነው ስለሚቀሩ በሞረድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ መሞረድ ግድ ነው።

ከብረቱ ጋር ለጫፉ የሚሆን ትንሽ የብረት ቆብ አብሮ ይሸጣል፤ ሲያዝዙ አይርሱት። ቆቡን ጫፉ ላይ ያጥልቁና ፊትና ጀርባውን በፒንሳ ይጫኑ፤ ቀጥሎ በሌላ ፒንሳ ግራና ቀኙን ያጥብቁ። ሁለት ፒንሳ የምለው አንዱ ቆቡን ሳይለቅ ሌላው እንዲያጠብቅ ነው። ጨርሰው በጥፍርዎ ጎትተው ይሞክሩት፤ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይጥበቅ፤ ልብስ ውስጥ የወለቀ ቆብ ከጊዜ በኋላ ሽቦውን ያጋልጣልና።

ቆብ ካጡ፣ ለጠፍጣፋው ብረት የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ስስ ነጭ ማጥበቂያ ቴፕ ደጋግሞ ተጠምጥሞ ይበቃል። ለጥምዙ ግን ቴፕ አይበቃም፤ የሽቦው ጫፍ ቀስ በቀስ ይበሳዋል። በኤሌክትሪክ ሱቅ የሚገኘውንና በሙቀት የሚኮማተረውን የሽቦ ሽፋን ቱቦ ጫፉ ላይ አጥልቆ ማሞቅ ይቻላል፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ መታጠፉንና መሞረዱን ያረጋግጡ።

ርዝመቱን በተመለከተ ባለቤቴ የምትከተለውን ልንገርዎ። የምትለካው ማስገቢያው ከተሰፋ በኋላ ነው እንጂ ከወረቀቱ ንድፍ ላይ አይደለም። ከላይና ከታች የሚዘጋበትን የስፌት መስመር ለይታ፣ በመካከላቸው ካለው ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቀንሳለች። ቆቡ ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር ብረቱ የሚለካው ቆቡ ከገባለት በኋላ ነው። ስፋቱን በተመለከተ 7 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብረት 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ማስገቢያ ይበቃል። ከዚህ ከጠበበ ብረቱ ጨርቁን ይገትረዋል፤ ከሰፋ ደግሞ ውስጡ ይሽከረከራል፣ ጫፉም ወደ ጎን ዞሮ ስፌቱን ይበላል።

መልስ 4
ቬሎ አከራይ፣ ደሴ

በአንድ ነገር ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለኪራይ የሚውል ልብስ ለአንዲት ሙሽራ ከሚሰፋው ይለያል። በተደጋጋሚ ይታጠባል፣ የሚለብሱትም የተለያየ ሰውነት ያላቸው ናቸው። ብረት ባለበት ቀሚስ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቶ ነጩ ሳተን ከጥቅም ውጪ ሲሆን አይቻለሁ። ፕላስቲክ ቢታጠፍም አይዝግም፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ለጠያቂዋ የምመክረው ለራሳቸው ስፌት ብረቱን፣ ለኪራይ ጥገና ግን የተሻለ ዓይነት ፕላስቲክ እንዲጠቀሙ ነው።

መልስ 5
ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ

የአከራዩ ስጋት እውነት ነው፤ በተለይ እኛ ቆላ ለምንቀርበው። ደሴ ደጋ ነው፤ ኮምቦልቻ ግን ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፣ ከሚሴና ባቲ ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ፤ እዚያ የምትዳር ሙሽራ ቬሎ በአንድ ቀን በላብ ይርሳል። ደሴም ብትሆን በክረምቱ እርጥበት ወራት ልብስ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም። ይሁን እንጂ ዝገቱ ፕላስቲክን የሚያስመርጥ ምክንያት አይመስለኝም፤ የአሰፋፉን ዘዴ መለወጥ የሚጠይቅ ነው።

ጥምዙ ብረት ዝገት የሚከላከል ልባጥ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልባጥ የሌለው የተቆረጠበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የተቆረጠውን ጫፍ ከቆቡ በፊት ግልጽ በሆነ የጥፍር ቀለም ወይም በብረት ቀለም ቀብተው ያድርቁት። ለኪራይ የሚውል ቀሚስ ላይ ደግሞ የማስገቢያዎቹን የላይኛውን ጫፍ በማሽን ከመዝጋት ይልቅ በገበሩ ሥር በእጅ ስፌት ይዝጉ። ቀሚሱ ሊታጠብ ሲል ያ የእጅ ስፌት ይፈታል፣ ብረቶቹ ይወጣሉ፣ ቀሚሱ ብቻውን ይታጠባል። ሁሉም ብረት አንድ ርዝመት ስላልሆነ ሲያወጡ የእያንዳንዱን ቦታ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ አለዚያ የጎኑ ከፊቱ ጋር ተቀያይሮ ይገባና የላይኛውን ጠርዝ ይገፋል። በአንድ ሙሽራና በሚቀጥለዋ መካከል ማጠብ ካላስፈለገ፣ ገበሩን ገልብጠው ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር መስቀል ይበቃል። ለኪራይ ልብስ ከኋላ በዚፕ ፋንታ ማሰሪያ ማድረግም እመክራለሁ፤ በተለያየ ሰውነት ላይ እየጠበበና እየላላ ስለሚሄድ ብረቶቹ አለቦታቸው አይውሉም።

በመጨረሻ ስለ ልኬት ሙከራው። ሙሽራዋ ቆማ ብቻ እንዲለኳት አይፍቀዱ። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ተነሥታ፣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ከዚያም በፊቷ ያለ ሰው ጉልበት እንደምትስም ሆና እንድትጎነበስ ይጠይቋት፤ በደንብ የምትጨፍር ከሆነች ትከሻዋንም እንድትሰብቅ ያድርጉ። ስትቀመጥ የብረቱ ታችኛ ጫፍ ጭኗን ወይም የዳሌዋን አጥንት ከነካ ብረቱ ረዝሟል፤ ከወገብ መስመር ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ማብቃት አለበት እንጂ ልክ ወገቡ ላይ ማብቃትም የለበትም፤ እዚያ ካበቃ ይወጋታል። ስትጎነበስ ከደረቷ ላይ ክፍተት ከተፈጠረ የፊተኛውን ጠፍጣፋ ብረት በጥምዙ ይለውጡ፣ የወገቡንም ሪባን አንድ መንጠቆ ያጥብቁ። ትንፋሽ አጥሯት ከሆነ ግን ብረቱን አይንኩት፤ ኮርሴቱ ራሱ ጠቧል ማለት ነውና የጎን ስፌቱን ይፍቱ።